ሰንሰለት ይለጠጣል ወይስ ይበላል?

የሞተር ሳይክል ሰንሰለት የት እንዳለ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከሞተሩ ጎን ወጥቶ የኋላውን ጎማ የሚያዞረው፣ አቧራና ቅባት የለበሰው፣ ካልተጠነቀቁ ሱሪ የሚይዘው ነው። በብዙ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን ከእሱ ሌላ የማይታይ ሰንሰለት አለ። ሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ በአሉሚኒየም ክዳን ተሸፍኖ፣ ዘይት እየጠቀሰ ይሽከረከራል። ስሙ ፕራይመሪ ቼን ነው፤ እኛ እዚህ ለአመቺነት "የውስጥ ሰንሰለት" እንበለው።

ይህ ሰንሰለት ሲያረጅ "ተለጠጠ" ይባላል። አባባሉ እውነት ይመስላል፤ ሰንሰለቱ ወጥቶ ሲለካ በርግጥም ረዝሞ ይገኛልና። ብረቱ ግን አልተለጠጠም። ታዲያ ሳይለጠጥ እንዴት ረዘመ? ይህን ጥያቄ መመለስ እንዲሁ የእውቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የላላ ሰንሰለትን ወጠር አድርጎ ማለፍ መቼ እንደሚበቃ፣ መቼ ደግሞ አደጋ እንደሚሆን የሚነግረን መልሱ ነው።

ሁለተኛው ሰንሰለት ምን ይሠራል?

ፒስተኑ ወጣ ገባ ሲል ክራንክ ሻፍቱን ያዞራል። ክራንክ ሻፍቱ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚዞር ጎማውን በቀጥታ ማዞር አይችልም፤ ፍጥነቱ መቀነስ፣ የመጠምዘዝ ጉልበቱም መጨመር አለበት። ስለዚህ ኃይሉ በመጀመሪያ ወደ ፍሪሲዮን፣ ቀጥሎ ወደ ካምቢዮ፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። የውስጥ ሰንሰለት የሚሠራው በመጀመሪያዋ አጭር መንገድ ላይ ነው፤ ከክራንክ ሻፍት እስከ ፍሪሲዮን።

ዛሬ መንገዳችን ላይ የምናያቸው እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ይህችን መንገድ የሚሻገሩት በሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ለጥርስ በተያያዙ ሁለት ጊሮች ነው። ስለዚህ የሰፈራችሁን ሞተር ብትከፍቱት የውስጥ ሰንሰለት አታገኙም። የዛሬው ታሪካችን የቆዩት ሞተሮች ነው፤ በተለይም የእንግሊዞቹ።

አንድ ምሳሌ እንያዝና እስከ መጨረሻው ከእሱ ጋር እንጓዝ፦ ትራያምፍ ቦንቪል ቲ120። ይህ ባለ 650 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል በ1959 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ። በ1963 እ.ኤ.አ. ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ አካል ውስጥ ተጠቃለው ተሠሩ። የውስጥ ሰንሰለቱም ያኔ ባለ ሁለት ረድፍ ሆነ። በክራንክ ሻፍቱ በኩል ያለው ስፕሮኬት፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ጥርሳም ዲስክ፣ 29 ጥርስ አለው። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው 58 ነው። ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ፍሪሲዮኑ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ሰንሰለቱ 84 አንጓዎች አሉት፤ አንዱ አንጓ ከሌላው በ9.525 ሚሊ ሜትር (በእንግሊዞቹ ልኬት 3/8 ኢንች) ይርቃል። ሙሉ ርዝመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፤ ወደ ኋላ ላይ ጉድ ያሳዩናል።

እውነት ብረቱ ይለጠጣል?

እስቲ መጀመሪያ የ"ተለጠጠ"ን ሐሳብ እንፈትነው። የ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦንቪል በደቂቃ 6500 ዙር ላይ 46 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ተብሎለታል። ከዚህ ስንነሳ ክራንክ ሻፍቱ የሚሰጠው የመጠምዘዝ ጉልበት 50 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። የትንሹ ስፕሮኬት ሬዲየስ 44 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 50ን ለ0.044 ስናካፍል ሰንሰለቱን የሚጎትተው አማካይ ኃይል 1140 ኒውተን አካባቢ ይመጣል። ይህ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ክብደት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ብዙ ይመስላል? ለሰንሰለቱ ግን ቀላል ነው። በዚህ መጠን የተሠራ ባለ ሁለት ረድፍ ሰንሰለት ለመበጠስ ከ16 ሺህ ኒውተን በላይ ይፈልጋል። አዎ፣ ሞተሩ ኃይሉን የሚሰጠው በምት በምት ስለሆነ ቅጽበታዊው ጉተታ ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ከፍ ሊል ይችላል። ያም ሆኖ የሰንሰለቱ የጎን ላሜራዎች እንደ ማስቲካ ተስበው እንዲቀሩ የሚያደርግ አይደለም። ጉተታው ሲቆም ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ስለዚህ ርዝመቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

የሚበላው የት ነው?

ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ሰንሰለት በ1880 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሬኖልድ ነው። አሠራሩ ብልህ ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ሦስት ነገሮች አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰክተዋል። በመሃል ድፍን ፒን አለ። ፒኑ በትንሽ የብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ከቱቦው ውጭ ደግሞ ጥርሱን የሚነካው ሮለር ይሽከረከራል። ፒኖቹ ከውጭ ላሜራዎች ጋር፣ ቱቦዎቹ ከውስጥ ላሜራዎች ጋር ተጣብቀዋል። ሰንሰለቱ ሲታጠፍ ፒኑ ቱቦው ውስጥ ትንሽ ይዞራል፤ ሲቃና ይመለሳል።

መፋተጉ ያለው እዚህ ነው። አንድ መገጣጠሚያ አንዴ ሙሉ ዙር ሲሄድ አራት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፦ ትንሹ ስፕሮኬት ላይ ሲወጣ ይታጠፋል፣ ሲወርድ ይቃናል፤ ትልቁም ላይ እንደዚሁ። ሞተሩ በደቂቃ 4000 ዙር ሲሠራ ሰንሰለቱ በሴኮንድ 23 ጊዜ ያህል ሙሉ ዙር ይሄዳል። 23 ሲባዛ በ4፣ በሴኮንድ 92 እንቅስቃሴ። በአንድ ሰዓት ጉዞ ከ330 ሺህ በላይ! ይህ ደግሞ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ነው።

ዘይቱስ? ዘይቱ በጣም ይረዳል፤ የውስጥ ሰንሰለት ከኋላው ሰንሰለት የበለጠ ዕድሜ የሚኖረውም ንጹሕ ዘይት ውስጥ፣ ከአቧራ ርቆ ስለሚኖር ነው። ነገር ግን ፒኑ በአንድ አቅጣጫ እየፈጠነ አይዞርም፤ ትንሽ ሄዶ ይመለሳል። በአንድ አቅጣጫ የሚዞር ዘንግ ዘይቱን ከሥሩ እየጎተተ በዘይት ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ሄዶ መለስ የሚል ፒን ግን ያንን ዕድል እምብዛም አያገኝም። በየመመለሻው ቅጽበት ብረት ከብረት ጋር ይቀራረባል፤ በየጊዜው ለዓይን የማይታይ ብናኝ ይነሳል። ፒኑ ይቀጥናል፣ ቱቦው ይሰፋል።

ላሜራው አልረዘመም። ቀዳዳው ሰፋ እንጂ። የበር ማጠፊያ ሲያረጅ በሩ እንደሚንጋደደው ነው፤ በሩ አላደገም፣ ማጠፊያው ተበላ።

ከዚህ የሚመጣ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ያረጀ ሰንሰለት እኩል አይረዝምም። የውስጥ ላሜራዎች የያዟቸው ሁለት ቱቦዎች ርቀታቸው አይለወጥም፤ ልዩነቱ ሁሉ የሚወጣው በውጭ ላሜራዎቹ በኩል ነው። ስለዚህ ያረጀ ሰንሰለት ላይ አንዱ አንጓ እንደነበረ፣ ቀጣዩ የረዘመ፣ ቀጣዩ እንደነበረ፣ ቀጣዩ የረዘመ ሆኖ ይደረደራል። ጥርሶቹ ግን እኩል ርቀት ላይ የተቀረጹ ናቸው። እንግዲህ ሮለሮቹ ጥርሶቹ መሃል በትክክል መቀመጥ አይችሉም።

ከፀጉር የቀጠነ ነገር እንዴት ጣት ያህላል?

አሁን ወደ ቁጥሮቻችን እንመለስ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ 0.01 ሚሊ ሜትር ብቻ ተበላ እንበል። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የምናወራው ስለ ፀጉር አንድ ሰባተኛ ነው። ማን ይሰማዋል?

ነገር ግን መገጣጠሚያዎቹ 84 ናቸው። 84 ሲባዛ በ0.01፣ 0.84 ሚሊ ሜትር። ሰንሰለቱ በአንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ረዘመ። አሁንም ትንሽ ነው አይደል? ቆይ።

በቦንቪሉ ላይ ሰንሰለቱ ትንሹን ስፕሮኬት ለቅቆ ትልቁን እስኪይዝ ድረስ ያለው ቀጥ ያለ ክፍል 183 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የታችኛው ክፍል ተወጥሮ ትርፉ 0.84 ሚሊ ሜትር ሁሉ ወደ ላይኛው ክፍል መጣ እንበል። መሃሉን በጣታችሁ ብትጫኑት ምን ያህል ይወርዳል?

ይህ ትምህርት ቤት የተማራችሁት ፓይታጎረስ ነው። ሰንሰለቱ መሃሉ ሲጫን ሁለት እኩል ቀጥ ያለ ማዕዘን ያላቸው ሦስት ማዕዘኖች ይሠራል። የአንዱ መሠረት የ183 ግማሽ፣ ማለትም 91.5 ነው። ረጅሙ ጎን የ183.84 ግማሽ፣ ማለትም 91.92 ነው። የረጅሙን ካሬ ወስዳችሁ የመሠረቱን ካሬ ቀንሱ፦ 8449 ሲቀነስ 8372፣ 77 ገደማ ይቀራል። የ77 ካሬ ሥር 8.8 ነው።

አዎ፣ 8.8 ሚሊ ሜትር! ከፀጉር የቀጠነ መበላት በ84 ተባዝቶ፣ በፓይታጎረስ በኩል አልፎ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት የሚጠጋ መላላት ሆነ። ወደ ላይም ወደ ታችም ብታንቀሳቅሱት በአጠቃላይ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ይጫወታል።

ለዚህ ነው ጣት ጥሩ መሣሪያ የሚሆነው። ፒኑን በማይክሮሜትር ሳንለካ የሰንሰለቱን መሃል በመጫን ብቻ የመቶኛ ሚሊ ሜትር መበላትን "ማየት" እንችላለን።

ታዲያ ለምን ጥብቅ አናደርገውም?

መላላት ክፉ ከሆነ ሰንሰለቱን ገትሮ መተው አይሻልም? አይሻልም። ምክንያቱ ሙቀት ነው።

የቆዩት የሃርሊ ዴቪድሰን ትልልቅ ሞተሮች መመሪያ ስለ ውስጥ ሰንሰለቱ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰንሰለቱ ላይና ታች ከ16 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ይጫወት፤ ሲሞቅ ግን ከ9.5 እስከ 16 ብቻ። ልብ በሉ፦ ሲሞቅ ጨዋታው ያንሳል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል ብለው አስተምረውን የለም እንዴ? ሰንሰለቱ ከረዘመ መላላት ነበረበት።

እንቆቅልሹ የሚፈታው ሰንሰለቱን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ስናይ ነው። ሰንሰለቱ ከስቲል የተሠራ ነው። ሁለቱን ስፕሮኬቶች አራርቆ የያዘው የሞተር አካል ግን አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ሙቀት ከስቲል ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይሰፋል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ ነገር ግን ስፕሮኬቶቹ ከእሱ በበለጠ ይራራቃሉ። ውጤቱ መጥበቅ ነው።

በቦንቪሉ እናስላው። የሁለቱ ዘንጎች መሃል ለመሃል ርቀት 188 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሁሉም ነገር በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ፣ የአሉሚኒየሙና የስቲሉ መስፋት ልዩነት 0.12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሰንሰለቱ በላይም በታችም ስለሚያልፍ ልዩነቱ ሁለቴ ይቆጠራል፤ ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ትርፍ ርዝመት ይጠፋል።

የትራያምፍ መመሪያ በቀዝቃዛው ሞተር ላይ ሰንሰለቱ በድምሩ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር እንዲጫወት ይላል። ያው ፓይታጎረስ ይህ 0.44 ሚሊ ሜትር ትርፍ ርዝመት መሆኑን ይነግረናል። ሲሞቅ 0.25 ቢጠፋ 0.19 ይተርፋል፤ ሰንሰለቱ አሁንም ትንሽ ይላላል፣ ደህና ነው። አንድ ሰው ግን "ጥብቅ ይበል" ብሎ ጨዋታውን በድምሩ 6 ሚሊ ሜትር ቢያደርገው ትርፉ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ትርፍ አልቆ ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት ይገተራል። ያኔ ሸክሙ የሚያርፈው የክራንክ ሻፍቱንና የካምቢዮውን ዘንግ በያዙት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። እነሱን ለመቀየር ደግሞ ሞተሩን መበተን ይጠይቃል።

እንግዲህ ያ የመመሪያ ቁጥር ከባዶ የመጣ አይደለም። ሙቀቱ የሚወስደውን አስቀድሞ የተወ የሒሳብ ድርሻ ነው።

ድምፁ ምን ይላል?

የውስጥ ሰንሰለት ሲላላ ምልክት ይሰጣል። የሚያንኳኳው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ቆሞ በዝግታ ሲሠራ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጠው ጸጥ ይላል። ነገሩ ግር ይላል፣ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በዝግታ ሲሠራ በእያንዳንዱ የፒስተን ምት መሃል ክራንክ ሻፍቱ ፈጠን ዘገየ ይላል። ሲፈጥን የሰንሰለቱ አንዱ ክፍል ይወጠራል፣ ሲዘገይ ሌላው፤ የላላው ክፍል በየጊዜው እየተገረፈ ይጮሃል። ነዳጅ ስንሰጠው አንዱ ክፍል ተወጥሮ ይቆያል፣ ድምፁም ይጠፋል። ስለዚህ "ስነዳው ይተዋል፣ ምንም የለበትም" ማለት ራስን ማታለል ነው። ችግሩ አልጠፋም፤ ጸጥ አለ እንጂ።

መወጠሪያው የሚደብቀው እውነት

በቦንቪሉ ሰንሰለት ሥር ጎማ የለበሰ ቅስት ላሜራ አለ፤ መወጠሪያ ነው። ሰንሰለቱ ሲላላ ከሥር ብሎኑን በማዞር ቅስቱን ወደ ላይ ከፍ ያደርጉታል፣ ሰንሰለቱም ወጠር ይላል። ከ1963 እ.ኤ.አ. በፊት በነበሩት ትራያምፎች ካምቢዮው ከሞተሩ የተለየ ስለነበር የሚደረገው ካምቢዮውን ራሱን ወደ ኋላ መግፋት ነበር። ያኔ ደግሞ የኋላው ሰንሰለት ስለሚላላ እሱንም እንደገና ማስተካከል ግድ ነበር።

መወጠሪያ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያደርገው። ትርፉን ርዝመት ይደብቃል። የተበላውን ፒን አይመልስም፣ የሰፋውን ቱቦ አያጠብም፣ አጭር ረጅም አጭር ረጅም የሆኑትን አንጓዎች እኩል አያደርግም። ከላይ ሲጫኑት ጤነኛ የሚመስለው ሰንሰለት ከውስጥ ያለቀ ሊሆን ይችላል። "ተለጠጠ" የሚለው ቃል የሚያሳስተንም እዚህ ላይ ነው። የተለጠጠ ገመድ ይወጠራል፣ ያበቃል። የተበላ ነገር ግን ይቀየራል።

ታዲያ መቼ ነው የሚቀየረው? ሁለት ምልክት አለ፤ ቀድሞ የመጣው ይወስናል። አንደኛው መወጠሪያው የመጨረሻው ጫፍ ላይ ደርሶ ሰንሰለቱ አሁንም ሲላላ ነው። ሁለተኛው ሰንሰለቱን አውጥቶ መለካት ነው። በነጭ ጋዝ በደንብ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ተደርጎ ይዘረጋል። 32 አንጓ ይቆጠራል፤ አዲስ ሰንሰለት ላይ ይህ በትክክል 12 ኢንች፣ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ተስቦ ሲለካ ሩብ ኢንች ጨምሮ 311 ሚሊ ሜትር ከደረሰ 2 በመቶ ረዝሟል፤ የቆዩት መመሪያዎች "ጣሉት" የሚሉት እዚህ ላይ ነው።

2 በመቶ ሲባል አይናቅ። በ84 አንጓ ላይ 16 ሚሊ ሜትር ነው። ያለ መወጠሪያ ቢሆን መሃሉ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይወርድ ነበር፤ ክዳኑን ለመቧጨር ይበቃዋል። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ግን የተበላው 0.19 ሚሊ ሜትር፣ የሁለት ወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ነው።

ቸል ሲባል የሚሆነው ደግሞ ከድምፅ ያልፋል። የሚገረፍ ሰንሰለት የመወጠሪያውን ጎማ ይበላል፣ የአሉሚኒየሙን ክዳን ይፈቀፍቃል፣ ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ሌላውን ያስበላል። ከተበጠሰ ደግሞ በሴኮንድ 18 ሜትር የሚበር ብረት ጠባብ ክዳን ውስጥ ይጠቀለላል። ክዳኑን ሊሰብረው፣ ሞተሩን በቅጽበት ሊያስቆመው ይችላል። ነጂው ፍሪሲዮኑን ሳይጨብጥ ሞተሩ ከቆመ የኋላው ጎማም አብሮ ሊቆም ይችላል። በሁለት ጎማ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መቀየር ለምን ቀላል አይሆንም?

የብስክሌት ሰንሰለት አንዱን ማያያዣ ከፍቶ ማውጣት ይቻላል። የቦንቪሉ የውስጥ ሰንሰለት ግን መክፈቻ የለውም፤ ዙሪያውን የተዘጋ ቀለበት ነው። መክፈቻ ማያያዣ በዚያ ፍጥነት ላይ ደካማ ቦታ ይሆናልና። ስለዚህ ሰንሰለቱን ለማውጣት ሁለቱን ስፕሮኬቶች በአንድ ላይ ከዘንጎቻቸው መሳብ ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተሉም ይህን ይመስላል። ዘይቱ ይፈሳል፣ ክዳኑ ይነሳል። በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ አልተርኔተሩ፣ ይወጣል። የፍሪሲዮኑ ስፕሪንጎችና ዲስኮች ይነሳሉ። ከዚያ ሁለቱም ስፕሮኬቶች ለዚሁ በተሠራ መንቀያ ትንሽ በትንሽ፣ እኩል ለእኩል ይሳባሉ። በመዶሻ መምታት ክልክል ነው፤ ምቱ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ኩሽኔታው ነው።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ጥርሶቹ ይታያሉ። የረዘመ ሰንሰለት በጥርሱ ሥር መቀመጥ አቅቶት ወደ ጫፉ ስለሚወጣ ጥርሱን ወደ አንድ ጎን እንደ መንጠቆ እያጎበጠ ይበላዋል። በእንደዚህ ዓይነት ጥርስ ላይ አዲስ ሰንሰለት መግጠም አዲሱንም ቶሎ ማስረጀት ነው። ሁለቱ ስፕሮኬቶች በአንድ መስመር መሆናቸውም ቀጥ ባለ ብረት ይፈተሻል፤ ከተዛነፉ ሰንሰለቱ በጎኑ ይፋተጋል። በመጨረሻም ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ጨዋታውን በተለያየ ቦታ መለካት ነው። አንድ ቦታ ላይ ሊጠብቅ፣ ሌላው ላይ ሊላላ ይችላል። የሚስተካከለው በጠበቀው ቦታ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከሙቀቱ ታሪክ ታውቁታላችሁ።

ይህም ቀላሉ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ አራት ሲሊንደሩ ሆንዳ ሲቢ750 የውስጥ ሰንሰለቶቹ ያሉት በክራንክ ሻፍቱ መሃል ላይ ነው። እነሱን ለመቀየር ሞተሩን ከሻንሲው አውርዶ አካሉን ለሁለት መክፈል ይጠይቃል።

ጊር ለምን አሸነፈ?

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ ገልብጠን እንጠይቅ። ጊርም እኮ ይበላል፤ ታዲያ ለምን እንደ ሰንሰለት አይላላም?

ልዩነቱ መደመር ላይ ነው። በሰንሰለት ላይ የአንዱ መገጣጠሚያ መበላት በሌላው ላይ ይደመራል፤ 84 ትንንሽ ዕዳዎች አንድ ትልቅ ዕዳ ይሆናሉ። በጊር ላይ ግን እያንዳንዱ ጥርስ ዕዳውን ለብቻው ይሸከማል። ሃምሳ ጥርሶች እያንዳንዳቸው 0.01 ቢበሉ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ያችኑ ታህል እንጂ ሃምሳ እጥፍ አይሆንም።

ሰንሰለትም ታዲያ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ካምቢዮው ከሞተሩ ተለይቶ በተሰቀለበት ዘመን በሁለቱ መሃል ያለውን ርቀት በትክክል መጠበቅ ከባድ ነበር፤ ጊር ያንን አይታገስም፣ ሰንሰለት ግን ይታገሳል። ሁሉም በአንድ ጠንካራ አካል ውስጥ ሲጠቃለል ጊር ቀላል ሆነ። ሆኖም ሰንሰለቱ አልሞተም። የሃርሊ ዴቪድሰን ትልልቅ ሞተሮች ዛሬም ይጠቀሙበታል፤ መወጠሪያው ብቻ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ሆኗል።

እናንተም ለኩት

ይህን ሁሉ ለማመን ቦንቪል መፈለግ አያስፈልጋችሁም። የቆየ ብስክሌት ይበቃል። የብስክሌት ሰንሰለት አንጓ ግማሽ ኢንች ነው፤ 24 አንጓ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብስክሌቱን አቁሙ፣ ፔዳሉን ተጭናችሁ ሰንሰለቱን ወጥሩ፣ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምራችሁ 24 አንጓ ቆጥራችሁ በማስመሪያ ለኩ። ጣታችሁን ከጥርሱ አርቁ፤ ጎማው እየዞረ እያለ በፍጹም አትንኩት። 308 ሚሊ ሜትር ገደማ ካገኛችሁ 1 በመቶ ረዝሟል፤ ለብስክሌት ይህ ብዙ ነው፣ ሰንሰለቱ የመቀየሪያው ጊዜ አልፎታል።

ከዚያ ትርፉን ለ24 አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር በአንድ መገጣጠሚያ ውስጥ ፒኑና ቱቦው አንድ ላይ የተበሉት መጠን ነው። በዓይናችሁ ልታዩት የማትችሉትን ነገር በአንድ ማስመሪያና በአንድ ማካፈል ለካችሁት ማለት ነው።